በስምምነት መፋታት፦ ከጎንደር ሰማንያ እስከ ወረዳ ፍርድ ቤት

ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ፣ ከተማዋ ከተቆረቆረች ከ130 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። የመጣው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነው። ግን ያየውን የሰማውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ስለነበር ስለ ትዳርም ጽፎ አልፏል። አንድ ጊዜ ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ፊት ተቀምጦ ሳለ ከተሰበሰቡት መካከል አንዲት ትልቅ ወይዘሮ ነበረች። እዚያው ሰባት ወንዶችም ነበሩ። ሰባቱም በተለያየ ጊዜ የወይዘሮዋ ባሎች የነበሩ ናቸው፤ በዚያን ሰዓት ግን አንዳቸውም ባሏ አልነበሩም። ብሩስ ከዚህ ተነስቶ፣ በዚህ አገር ሁለት ሰዎች ሲስማሙ ከሚጀምረውና አንዳቸው በቃኝ ሲሉ ከሚያበቃው በቀር ጋብቻ የሚባል ነገር የለም ብሎ ደመደመ።

ድምዳሜው ልክ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ወደታች እናያለን። ያየው ነገር ግን ቀላል አይደለም። ተፋትተው ያበቁ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ በአንድነት መቀመጥ ችለዋል። ይሄ በአጋጣሚ አይሆንም፤ ፍቺውን የሚያስተናግድ ሥርዓት ከኋላው መኖር አለበት።

ዛሬ ጎንደር ከተማ ወይም ደባርቅ ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት «ተስማምተን እንፋታ» ቢሉ፣ አቤቱታቸውን በጋራ ጽፈው ፍርድ ቤት መግባት ይችላሉ። ብዙዎቻችን ይህንን «ዘመን አመጣሽ» ነገር አድርገን ነው የምናየው። ታሪኩን ስንመረምረው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በስምምነት መለያየት በአካባቢው የቆየ ልማድ ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወጣው ዘመናዊ ሕግ በሩን ዘጋው፤ ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ሕግ መልሶ ከፈተው። እስቲ በየተራ እንየው። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ዓይነት ማሰሪያ

በአማራው ደጋ በቀድሞ ዘመን «ጋብቻ» አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነበር።

አንደኛው የቁርባን ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተክሊል ደርሶላቸው ወይም አብረው ቆርበው የሚገቡበት ትዳር ነው። ይህ በመርህ ደረጃ አይፈርስም። ካህናት በዚህ ይታሰራሉ፤ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ እንኳ ሌላ አግብቶ በክህነቱ መቀጠል አይችልም። ሌላው ሕዝብ ግን በወጣትነቱ ወደዚህ ብዙም አይቸኩልም ነበር። ብዙ ባለትዳሮች ለረጅም ዘመን አብረው ኖረው፣ ልጅ ድረው፣ መለያየት እንደማይመጣ እርግጠኛ ሲሆኑ ነው የሚቆርቡት።

ሁለተኛው ሰማንያ ነው። አብዛኛው ገበሬም መኳንንትም የሚጋባው በዚህ ነበር። ስሙ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ አንዱ ሽማግሌ ውል ለሚያፈርስ ወገን ከተቀመጠ የ80 ብር መቀጫ ነው ይላል፤ ሌላው ከምስክሮቹ ቁጥር ነው ይላል። ዋናው ነገር ውሉ ነው። ምስክር ይቆማል፣ ዋስ ይጠራል፣ በንጉሡ ስም ይማላል፣ ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ከብትና ጥሪት ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ አብረው ያፈሩት የሁለቱ ነው። ሲለያዩ ደግሞ እኩል ይካፈላሉ።

ሦስተኛው የደሞዝ ወይም የገረድ የሚባለው ነው። ነጋዴ ወይም ወታደር ከቤቱ ርቆ ሲቆይ፣ ለተወሰነ ጊዜ በተቆረጠ ክፍያ የሚገባበት ውል ነው። በዚህ ሴቲቱ የተነገረላትን ደሞዝ ታገኛለች እንጂ እንደ ሰማንያ የእኩል ተካፋይ አይደለችም።

ምህንድስና የተማረ ሰው ይህንን ሲያይ ወዲያው የሚመጣለት ብየዳና ብሎን ነው። ሁለት ብረት በብየዳ ካያያዛችሁ መለየት የምትችሉት በመቁረጥ ነው፤ ብረቱም ይጎዳል። በብሎን ካሰራችሁ ግን ሥራውን እኩል ይሠራል፤ መፍታት ካስፈለገም ሁለቱም ብረቶች ሳይጎዱ ይፈታል። ብሎን «ደካማ ብየዳ» አይደለም። ሊፈታ እንደሚችል አስቀድሞ የታሰበበት ማያያዣ ነው። ቁርባን ብየዳ ነው፤ ሰማንያ ብሎን ነው። የብሩስ ስህተትም እዚህ ላይ ነው። የሚፈታ ማያያዣ ስላየ ማያያዣ የለም አለ። በዚያ ላይ ያየው የቤተ መንግሥቱን ሰው ነው፤ የመኳንንት ትዳር ደግሞ ከፖለቲካ ጋር አብሮ የሚታሰርና አብሮ የሚፈታ ነበር።

ትውልዷ ከስሜን መሳፍንት የሚመዘዘውን እቴጌ ጣይቱን እንውሰድ። ጣይቱ ከምኒልክ በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ አግብታ ፈትታለች። ያ ያለፈ ታሪኳ በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ በቁርባን እንዳታገባ አልከለከላትም። ሁለቱም ዓይነት ማሰሪያ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ይገባ ነበር ማለት ነው።

ሴቶች በእጃቸው ምን ነበራቸው?

በስምምነት መፋታት ትርጉም የሚኖረው ሁለቱም ወገኖች እምቢ ማለትም እሺ ማለትም ሲችሉ ነው። ፍቺ ማለት ለአንዷ ረሃብ ከሆነ፣ «ተስማምታለች» የሚለው ቃል ባዶ ነው።

በጎንደር ደጋ ሴቲቱን በመጠኑም ቢሆን ያቆማት ርስት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም ይደርሰዋል። ሴት ባገባች ጊዜ ርስቷ የባሏ አይሆንም። ስትፈታ ይዛው ትወጣለች። ታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉትን የ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ውሎች አጥንቷል። በእነዚህ ውሎች ውስጥ ሴቶች በስማቸው መሬት ይዘው፣ ሸጠውና ገዝተው ይገኛሉ። እንግዲህ በዚያው ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም ማዘዝ አትችልም ነበር። በእንግሊዝ ይህ በደንብ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣ ሕግ ነው።

ታዲያ ነገሩን ማሳመርም አያስፈልግም። ስለ ወይዘሮ የሚነገረው ስለ ገበሬዋ አይነገርም። አንድ ቀላል ስሌት እናስላ።

ሁለት በሬ ለሁለት ሲካፈል

የደጋ ገበሬ የሚያርሰው በጥማድ ነው፤ ሁለት በሬ አንድ ቀንበር። እንዲያውም «ጥማድ» የመሬት መለኪያም ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ማለት ነው። አሁን ወገራ ወይም ጃናሞራ ውስጥ ሁለት በሬ፣ አንድ ላም፣ ጥቂት በግ፣ አንድ ጎተራ ገብስና አንድ ጎጆ ያላቸው ባልና ሚስት በስምምነት ሊለያዩ ነው እንበል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እኩል አካፈሏቸው። አንድ በሬ ለእሱ፣ አንድ በሬ ለእሷ።

በቁጥር እኩል ነው። ግን አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። እሱ ሌላ ባለአንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል፤ ይህ መቀናጆ የሚባለው ነው፤ ተራ በተራ አንዱ የሌላውን መሬት ያርሳሉ። እሷስ? በልማዱ ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ስለዚህ በሬም መሬትም ኖሯት የሚያርስላት ሰው ትፈልጋለች። ወንድም ወይም የደረሰ ልጅ ካላት ጥሩ። ከሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ የምርቱ ግማሽ ይሄዳል። ሰነፍ ወይም ተንኮለኛ አራሽ ከገጠማት ደግሞ ግማሹም አይደርሳትም።

እንግዲህ እኩል ክፍፍል እኩል ውጤት አይሰጥም። ቶሎ ሌላ ባል ማግባት ብዙ ጊዜ የፍቅር ጉዳይ ሳይሆን የጥማድ ጉዳይ የሆነው ለዚህ ነው። አብሮ ያልተሰላ ወጪ ያለበት ክፍፍል ወረቀት ላይ ያምራል፤ እርሻ ላይ ግን ይጎድላል። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ መጨረሻ ላይ ዳኛው ፊት ስንቆም ትመለሳለች።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ልጃገረዶች የሚዳሩት በልጅነታቸው፣ ወላጅ ከወላጅ ተነጋግሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በአገር አቀፍ ደረጃ ከተሰበሰበ መረጃ ተነስቶ የተሠራና በ2000 የታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቃ አሳይቷል። ከተፋቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ደግሞ የሚፈቱት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። ጥናቱ ከፍቺ ጋር አያይዞ የመረመራቸው ሁለት ነገሮች ያለ ዕድሜ ጋብቻና ልጅ አለመውለድ ናቸው። ሳይጠይቋት ያገባች ልጅ፣ የመጀመሪያው የራሷ ውሳኔ ፍቺው ሊሆን ይችላል።

ሕጉ በሩን ሲዘጋው

በስምምነት መፋታት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም፤ በጣም ያረጀ ነው። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ542 ባልና ሚስት ተስማምተው እንዳይፋቱ ከለከለ፤ ለምናኔ ካልሆነ በቀር። እሱን የተካው ዳግማዊ ዮስጢኖስ በ566 ክልከላውን አነሳው። ምክንያቱ የሚገርም ነው፦ መለያየት ያቃታቸው ሰዎች አንዳቸው በሌላው ላይ እስከ መርዝ የደረሰ ሴራ እየሸረቡ አስቸግረው ነበር። ፍትሐ ነገሥታችንም ከዚሁ ዓለም ጋር ይዛመዳል። መጽሐፉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጽ በዓረብኛ የተጠናቀረ፣ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው፤ ሥጋዊው ክፍሉ ከቢዛንታይን የሕግ መጻሕፍትም ቀድቷል። ስለ ትዳር ጥብቅ ነው። የሰማንያ ሰው ግን ሽማግሌና ዋስ ይዞ በልማዱ ይሄድ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ የማዘጋጃ ቤት፣ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን ሦስቱንም ተቀበለ፤ ውጤታቸውንም አንድ አደረገ። ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች እንዲሆኑ ማድረጉ ደግሞ የሽማግሌን ልማድ ወደ ሕግ ማስገባት ነበር። በአንድ ነገር ግን ልማዱን ቆረጠው። ባልና ሚስት ስለተስማሙ ብቻ ጋብቻ አይፈርስም አለ። ፍቺ የሚጠይቅ ምክንያት ያቅርብ፤ ምንዝር፣ ጥሎ መጥፋት፣ ወዘተ። ጥፋተኛ የተባለው በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችላል።

ይህ ለፈረንሳይ ሰው እንግዳ አልነበረም። ፈረንሳይ በአብዮቷ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1792፣ በስምምነት መፋታትን ፈቅዳ ነበር። በ1816 ፍቺን ጨርሳ ከለከለች። በ1884 ስትመልሰው በጥፋት ብቻ ነው። በስምምነት መፋታት የተመለሰው በ1975 ነው። ስለዚህ የእኛ ሕግ በተረቀቀ ጊዜ የአርቃቂው አገር ራሷ ይህንን አታውቅም ነበር።

የጥፋት ፍቺ ችግሩ ምንድን ነው? ሁለት ሰዎች በሰላም መለያየት ቢፈልጉ እንኳ አንዱ የሌላውን ገመና አውጥቶ መናገር አለበት፣ ወይም ያልተደረገ ነገር ተደረገ ማለት አለበት። ሥርዓቱ ጠብ የሌለበት ቦታ ላይ ጠብ ይፈጥራል። ውሸትም ያስተምራል። ለሰባቱ የቀድሞ ባሎች እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ኖሮ ቁስቋም ላይ አብረው ይቀመጡ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በሩ እንደገና ሲከፈት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው አለ። ይህንን ተከትሎ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በ1992 ዓ.ም. ወጣ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 በ1995 ዓ.ም. አጸደቀ፤ በመሠረታዊ ነገሮች የፌዴራሉን ይከተላል። የመፋታት ውሳኔ ከቤተ ዘመድ ዳኞች ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ፤ በስምምነት መፋታትም በግልጽ ተፈቀደ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስቱ ለመፋታት መስማማታቸውን በጽሑፍ ያደርጋሉ። ስለ ንብረት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ቀለብ የተስማሙትንም አብረው ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። በፌዴራሉ ሕግ ለምን እንደሚፋቱ ለመናገር አይገደዱም። ይህች አጭር አንቀጽ ትልቅ ነገር ናት፤ ገመና ቤት ውስጥ ይቀራል። ዳኛው ለየብቻም አንድ ላይም ያነጋግራቸዋል፣ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ይሞክራል። ካልሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። በሐሳባቸው ከጸኑና ስምምነቱ የእውነት ፈቃዳቸው ከሆነ ያጸድቀዋል። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ስለተጀመረ ፍቺም እንደ ልደትና ሞት ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይወጣበታል።

እንግሊዝ ባልና ሚስት በጋራ ማመልከቻ እንዲፋቱ የፈቀደችው መቼ ነው ብትሉ፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ነው። በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያ ቀድማለች።

ዳኛው ለምን ያያል?

«ሁለቱ ከተስማሙ ፍርድ ቤቱ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ያቺ የበሬዋ ስሌት የምትመለሰው።

ሁለት ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ መፈረማቸው እኩል ሆነው ፈረሙ ማለት አይደለም። ቤቱ በእሱ ስም የተመዘገበ፣ የባንክ ደብተሩ እሱ ጋ ያለ፣ እሷ ደግሞ «ልጆቼን ብቻ ተዉልኝ» ብላ የመጣች ከሆነ ስምምነቱ ስምምነት ይመስላል። ደብዳቢ ባል ጓሮ ቆሞ የሚያስፈርመውም ስምምነት ይመስላል። ለዚህ ነው ሕጉ ሁለቱን ነገር ለያይቶ ያስቀመጠው። ፍቺው ትክክለኛ ፈቃዳቸው ከሆነ ዳኛው ፍቺውን ያጸድቃል። የንብረቱ ወይም የልጆቹ ስምምነት አንዱን ወገን የሚጎዳ ወይም ልጆቹን በበቂ የማይጠብቅ ከሆነ ግን እሱን ብቻ ነቅሶ ማስተካከል ይችላል። ለየብቻ ማነጋገሩም ለዚህ ይጠቅማል፤ አብረው ሲሆኑ የማይነገር ነገር አለ። በሌላ በኩል «ታረቁ፣ አስቡበት» የሚለው ምክር ድብደባ ባለበት ቤት ውስጥ አደጋ አለው። ሦስት ወር ለአንዱ ማሰቢያ ነው፣ ለሌላዋ ደግሞ መከራ ማራዘሚያ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ይህንን ለይቶ ማየት አለበት።

በገጠሩ ሌላ ነገርም ተለውጧል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ርስት ቀረ፤ ሴቲቱ ይዛው የምትወጣው የእናት የአባት መሬትም አብሮ ቀረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ፎቶግራፍ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሲለያዩ «ይሄ መሬት የኔ ነው» ለሚል ሰው መልሱ ደብተሩ ላይ ተለጥፏል። ርስት ድሮ በዘር ሐረግ የሠራውን ሥራ ዛሬ በከፊል ይህ ደብተር ይሠራዋል።

ሁሉም ሰው ግን ወረዳ ፍርድ ቤት አይደርስም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ የሥራ ቀን ይባክናል፣ ሽማግሌ ደግሞ ቅርብ ነው። ስለዚህ ዛሬም በሽማግሌ ተካፍለው የሚለያዩ አሉ። በሕግ ዓይን ግን ገና ባልና ሚስት ናቸው፤ ችግሩ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ አንዱ ሲሞትና ሁለት ቤተሰብ ውርስ ሲጠይቅ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም እንዲህ ያለ ጉዳይ ቀርቦለት፣ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት የመሠረቱ ሰዎች ጋብቻ በተግባር እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል ብሎ ወስኗል። ሕጉ ልማዱን ዛሬም እየተከተለ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ግን መፍትሔ የሚሆነው ክርክር ከተነሳ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ያካፈሉትን በጽሑፍ አድርጎ ፍርድ ቤት ማጸደቅ የአንድ ቀን መንገድ ያስከፍላል፤ አለማድረጉ ልጆችን ለዓመታት ሊያካስስ ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚቀረን አንድ ነገር ነው። የሰማንያ ሰዎች ውሉን ሲያስሩ የሚፈታበትን መንገድ አብረው ያበጁ ነበር፤ ከብቱን የሚቆጥሩት በሠርግ ጊዜ ነው እንጂ በጠብ ጊዜ አልነበረም። ከእናንተ ብዙዎቹ ገና አላገባችሁም። ስታገቡ ከየወገኑ የመጣውን ጻፉ፣ አብራችሁ የገዛችሁትን በሁለታችሁ ስም አስመዝግቡ። የሚፈታ ብሎን የላላ ብሎን ማለት አይደለም፤ በትክክል ከታሰረ ዕድሜ ልክ ይይዛል።